የነሐሴው ፈተና

«ፈረስ ነው እልሃለሁ! ምኑም ያልተነካ ጤነኛ ፈረስ!»

ዳርሊን ይህን የሰማችው ከምድጃው እግር ሥር፣ ወለሉ ላይ ካለችው የሙቅ አየር ማውጫ ፍርግርግ ነው። ድምፁ የወንድሟ የኦረስት ነበር። ተጣጣፊውን ጠረጴዛ ከምድር ቤት ላውጣልሽ ብሎ ወረደና ጠረጴዛውን ትቶ ስልክ ይዟል። «ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ይሰለፋል፤ ሰውህ ቁጭ ብሎ ይየው። ከወደደው ጨዋታው እንዳለቀ ወረቀቱን እንጨርሳለን። ማን? ልጁ? ልጁማ ምኑን ያውቃል! እራት ከበላን በኋላ እነግረዋለሁ። የበዓል ምግቡን ለምን አበላሽበታለሁ?» ከዚያ ሳቀ። ሳቁ በቆርቆሮው ቱቦ ውስጥ እየተንከባለለ ወጥቶ ወጥ ቤቱ መሃል ተበተነ።

የዳርሊን እጅ እስከ አንጓው ድረስ ለእራት በምትሞላው ተርኪ ዶሮ ሆድ ውስጥ ነበር። የመኸሩ የምስጋና ቀን ነው፤ አምና በአርባ አምስት ዶላር የገዛችውን የሚያክል ተርኪ ዘንድሮ ስልሳ ሁለት ብለዋት፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ እንኳ ዋጋውን ስትጠራ አፍራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች። የዳቦ ፍርፋሪውንና ሽንኩርቱን መሙላቷን አላቆመችም፤ እጇ በራሱ ይሠራ ነበር። ቤቱን የሠራው የባቡር ሠራተኛ የነበረው አባታቸው ነው። ምድር ቤት ባለው ማሞቂያ አጠገብ የተነገረ ነገር በቱቦው ወጥቶ በየክፍሉ እንደሚዳረስ እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቃል። እሷና ኦረስት ልጆች ሳሉ ወለል ላይ ተኝተው፣ ጆሯቸውን ፍርግርጉ ላይ ለጥፈው የእናትና የአባታቸውን ጭቅጭቅ ያዳምጡ ነበር። ኦረስት ግን በአሥራ ስድስት ዓመቱ የበረዶ ላይ ሆኪ ሊጫወት ወጥቶ በሰው ቤት ነው ያደገው፤ የቤቱን ጠባይ ረስቶታል።

ፈረስ የተባለው በኮሪደሩ ጫፍ ባለው ክፍል የተኛው ሪድ ነው። በእኛ አገር ተስፋ ያለው የሆኪ ልጅ አሥራ ስድስት ሲሞላው ከእናት አባቱ ቤት ይወጣና ክለቡ ወዳለበት ከተማ ሄዶ የማያውቀው ሰው ቤት ይገባል። ዳርሊን እንደዚህ ያሉ ልጆችን ስታሳድር አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ባሏ ከሞተም ወዲህ አላቆመችም። አሥራ አንድ ልጅ አልፏል በእጇ። ሁለቱ ትልቁ ሊግ ደርሰዋል፤ የቀሩትን አልፎ አልፎ ስማቸውን በቧንቧ ጠጋኝ መኪና ጎን ላይ ታነበዋለች። ሪድ ከእርሻ አገር የመጣ ነው። ሲመጣ ቁመቱ ከፍሪጁ አይበልጥም ነበር፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ሻወር ከፍቶ እያለቀሰ ነው ያሳለፈው፤ አሁን በሯን ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው። ሃያ ሞልቶታል። ይህ የመጨረሻ ዓመቱ ነው፤ ከዚህ በኋላ ወይ ደመወዝ የሚከፍል ክለብ ያየዋል፣ ወይ ወደ አባቱ ትራክተር ይመለሳል። እያንዳንዱ ክለብ ሃያ ዓመት ከሞላቸው ልጆች ከሦስት በላይ መያዝ አይፈቀድለትም፤ የመለያው ቀን ደግሞ ነገ ነው። የእኛ ክለብ አራት አለው። ኦረስት የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ነው። አርብ ጠዋት እዚሁ ወጥ ቤት ቆሞ፣ እሷ እየሰማች፣ የሪድን ትከሻ ጨብጦ «ሦስተኛዬ አንተ ነህ፣ ተረጋጋ» ብሎታል።

አርብ ማታ ደግሞ ሪድ ተመታ። በበረዶው ላይ የሚመቷትን ጥቁር ጎማ ሊያወጣ ከሜዳው አጥር ጥግ ጎንበስ ባለበት፣ አንድ የተቃራኒ ቡድን ልጅ ከኋላ መጥቶ ጭንቅላቱን ከአጥሩ መስታወት ጋር አጋጨው። ተነስቶ ጨዋታውን ጨረሰ። ቤት ሲገባ የጫማውን ክር መፍታት አቅቶት በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘችው፤ ከዚያም መታጠቢያ ቤት ገብቶ አስመለሰ። «ማዘር፣ ከአፍሽ እንዳይወጣ» አላት ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ። «አራት ነን፣ ቦታው ሦስት ነው። ቦታዬ የኔ ነው ብሎኛል። ታመመ ከተባለ ግን አለቀልኝ። ቃል ግቢልኝ።» ቃል ገባችለት። ለሁሉም ልጆቿ እንደዚህ ስትገባ ኖራለች፤ የተሰበረ ጣት ደብቃለች፣ የተሰነጠቀ ጎድን በራሷ እጅ በፋሻ አስራለች።

ቅዳሜ ጠዋት የክለቡ ወጌሻ ኮምፒውተር ፊት አስቀምጦ ፈተነው፤ ሪድም አለፈ። እንዴት እንዳለፈ ዳርሊን ታውቃለች። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ልምምድ ሳይጀመር፣ ልጆቹን በጤናቸው ይፈትኗቸዋል፤ ቃላት አሳይተው መልሰው ይጠይቋቸዋል፣ ቀለም ሲለወጥ ቁልፍ ንኩ ይሏቸዋል፣ ውጤቱም ይቀመጣል። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ያንኑ ፈተና ይደግምና ውጤቱ ከነሐሴው ካነሰ ከሜዳ ይርቃል። ስለዚህ ትልልቆቹ ለአዲስ ገቢዎች አስቀድመው የሚያስተምሩት በነሐሴ ደደብ መሆንን ነው። ግማሹን አውቀህ ሳት፣ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ዘግይተህ ንካ፤ በኋላ ሲመቱህ ይጠቅምሃል። የነሐሴ ፈተና ማታ በዳርሊን ጠረጴዛ ዙሪያ ማን የበለጠ እንደደደበ ይወዳደሩ ነበር። «እኔ ስሜንም ልስት ምንም አልቀረኝ!» ይላል አንዱ። «አንተማ ሳታስመስል ነው!» ይለዋል ሌላው። እሷም ድንች እየጨመረችላቸው እንባዋ እስኪመጣ ትስቅ ነበር።

እጇን ታጥባ የተጠበሰ ዳቦ ይዛ ወደ ክፍሉ ሄደች። መስኮቱ ላይ ፎጣ ሰቅሎበታል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አንድ የእግር ሹራብ አጥልቆ ሌላውን በእጁ ይዞ ያየዋል።

«ማዘር፣ ተርኪው ምድጃ ገባ?»

«አሁን ላስገባው ነው። አንድ ቁራሽ እንኳ ቅመስ።»

«ፋዘር ለጨዋታው ይደርሳል?»

«አጨዳው አላለቀለትም። ለእራት ነው የሚደርሰው፣ ትናንት ነግሮሃል እኮ።»

«እሺ።» ሹራቡን አገላብጦ አየው። «ተርኪው ግን ምድጃ ገብቷል?»

ዳርሊን በሩን ይዛ ቀረች። ልትነግረው አፏን ስትከፍት ኦረስት ጠረጴዛውን ከደረጃው ጋር እያጋጨ ሲወጣ ሰማች። ወጥ ቤት ስትመለስ ወንድሟ ላቡን እየጠረገ ከፍሪጁ ወተት ይቀዳል። ከመጣ ጀምሮ ስለ ማሞቂያው ማጣሪያ፣ ስለ ጎረቤቱ አዲስ ጣሪያ፣ ስለ ተርኪው ክብደት አወራ። «ልጁስ?» አለ በመጨረሻ፣ ብርጭቆውን እያየ። «ተኝቷል» አለችው። «ጥሩ። ይተኛ።»  ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ተዋውቀዋል፤ ግድግዳው ላይ የእናታቸው ሰዓት ትቆጥራለች፣ ከኮሪደሩ ጫፍ የሪድ ሳል ይሰማል፣ ኦረስት ብርጭቆውን አለቅልቆ ደፍቶ አስቀመጠና ኮቱን ለበሰ። ሁልጊዜ ሲወጣ ግንባሯን የሚስመው ሰው ዛሬ ከበሩ ላይ እጁን አነሳና ሄደ።

ጨዋታ ባለበት ቀን ሪድ ራሱ ነው የሚነዳው። ዛሬ ቁልፉን ሰጣትና ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ከጎኗ ተቀመጠ። ጥቅምት ነው፣ ፀሐዩ ዝቅ ብሎ የመኪናውን መስታወት ይወጋል፣ ቅጠሉ ከየደጁ እየተጠረገ ተከምሯል፤ በየቤቱ ደጅ የዘመድ መኪና ቆሟል። ከእህል ጎተራው አጠገብ የባቡር መሻገሪያው መዝጊያ ወርዶ ቆሙ። ፉርጎው ማለቂያ የለውም። ዳርሊን መሪውን በሁለት እጇ እንደያዘች ነገረችው፤ ከፍርግርጉ የሰማችውን ሁሉ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ። ሪድ ባቡሩን እያየ ሰማት።

«ወዴት ነው?» አለ።

«ከተራሮቹ ማዶ ወዳለው ክለብ። መልማያቸው ዛሬ ሊያይህ መጥቷል። ስለዚህ ቦታዬ ብለህ የምትሞትለት ቦታ የለም፣ ልጄ። ዛሬ አትጫወት። ወጌሻው ዘንድ ገብተህ እውነቱን ተናገር።»

«መልማዩ መጥቷል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው መጫወት አለብኝ።»

«ሪድ! ሰምተኸኛል?»

«ሰማሁሽ ማዘር። እዚህ ቦታ የለኝም ማለት ያለኝ እዚያ ብቻ ነው። እነሱ ካልወሰዱኝ ነገ ማንም አይወስደኝም፤ ሃያ ዓመት ሆኖኛል።» ኮፍያውን ትንሽ ከፍ አደረገ፤ ዓይኖቹ ቀልተው ነበር። «አንድ ቀን ነው። ስልሳ ደቂቃ። ቃል ገብተሽልኛል።»

እውነቱ ያድነዋል ብላ ነበር የነገረችው። የመጨረሻው ፉርጎ አለፈ፣ መዝጊያው ተነሳ፣ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባውን ነፋ።

በረዶ ሜዳው እንደ ሁልጊዜው የጥብስ ድንችና የእርጥብ ጎማ ሽታ ይሸታል። ኦረስትን በኮሪደሩ አገኘችው፤ አዲስ ክራቫት አስሯል፣ የስፖንሰሮቹን ሚስቶች እየጨበጠ ነው። ክንዱን ይዛ የጽዳት ዕቃ ወደሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል አስገባችው። ቃሏን ያፈረሰችው ያኔ ነው። አርብ ማታ ስለ ጫማው ክር፣ ስለ ማስመለሱ፣ አንድ ጥያቄ ስለ መደጋገሙ፣ ሁሉንም ነገረችው። ኦረስት ፊቱ አልተለወጠም። በሩን በተረከዙ ገፍቶ ዘጋው።

«አልሰማሁም» አለ።

«እንዴት አልሰማሁም? ይኸው እየነገርኩህ!»

«አልነገርሽኝም፣ ዳርሊን። ካወቅሁ ላወጣው ነው። ካወጣሁት ለእነዚያ ሰዎች ለምን እንዳወጣሁት መናገር አለብኝ። ከዚያ ማን ይወስደዋል? ሜዳ ላይ ቢወድቅ እንኳ ነገ የሆነ ክለብ አለው። አንቺ እንዳልሽው ካደረግሁ ግን እርሻው ነው የሚጠብቀው። ለማን ብዬ ነው የምደክመው?»

«ለራስህ።»

«ለእሱም!» ድምፁ ከፍ አለና መልሶ ዋጠው። «ወጌሻው ፈትኖታል፣ አልፏል፣ ተፈርሟል።»

«እንዴት እንዳለፈ ታውቃለህ። አንተም በጊዜህ ሕመምህን ደብቀህ ተጫውተሃል።»

«አንቺም ታውቂያለሽ» አላት። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጠረጴዛሽ ላይ ስትስቂበት አይቼሻለሁ። ያን ጊዜ አንድ ቀን መጥተሽ ነግረሽኛል?» ክራቫቱን አስተካክሎ ወጣ። ዳርሊን ከመጥረጊያዎቹና ከባልዲው መሃል ለጥቂት ጊዜ ቆመች። እግዜር አንድ ቃል እንዲሰጣት በልቧ ለመነች፤ የመጣላት የነሐሴው የገዛ ሳቋ ብቻ ነበር።

ወደ ወጌሻው ክፍል ሄደች። በሩ ክፍት ነው፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ ልጆቹ ቁርጭምጭሚታቸውን እያስጠቀለሉ ይሳደባሉ። «አንተ ዝሆን፣ አጥሩን እንዳትሰብረው ዛሬ!» «እህትህ ናት የምትጠግነው!» ሪድ ጥግ ላይ ተቀምጦ ዱላውን ጥቁር ፕላስተር ያለብሳል። ቀና ብሎ አያት። ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በጣም በቀስታ ነቀነቀ፣ እንደሚለምን ሰው። ተመልሳ ወጣች።

አዳራሹ ሞልቷል፤ የበዓል ቀን ስለሆነ ሰው ልጆቹንና አያቶቹን ይዞ መጥቷል። መዝሙሩ ተዘመረ፣ ሁሉም ተቀመጠ፣ ዳርሊን ኮቷን ሳታወልቅ ቁጭ አለች። ሪድ ጥሩ ተጫወተ። ይህን መካድ አይቻልም። እግሩ የለመደውን ይሠራ ነበር፤ ጥቁሯን ጎማ ከሁለት ሰው መሃል መንጭቆ አውጥቶ ለጓደኛው ሲያቀብል ሕዝቡ ተነስቶ ጮኸ። መልማዩ ከዳርሊን ጀርባ አሥር ረድፍ ያህል ከፍ ብሎ፣ ሰው በሌለበት ጥግ ተቀምጧል፤ ግራጫ ጃኬት፣ የንባብ መነጽር፣ ጉልበቱ ላይ ትንሽ ደብተር። ሪድን የሚመታው ሰው ሲቀርብ ዳርሊን ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ግጭቱን በጆሮዋ ትቆጥራለች። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ከእሷ ፊት ለፊት ነበር፣ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፣ ሪድ ተንበረከከና ተነሳ።

ከሦስቱ ክፍለ ጊዜ የሁለተኛው መሃል ላይ ነው ነገሩ የሆነው። አሰልጣኙ ለቅያሪ ጠራ፤ ሪድ ዞሮ ወደ ተቃራኒው ቡድን ወንበር ሄደ። አንድ እግሩን በአጥሩ ላይ አሻግሮ ሊቀመጥ ሲል ቀይ የለበሱት ልጆች በጓንታቸው ገፉት፤ አንዱ «ና፣ ቦታ አለን!» ብሎ ወንበሩን መታ መታ አደረገለት። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሰው ሁሉ ቀልድ መሰለው። ሪድም ሕዝቡ ሲስቅ አይቶ ሳቀ፣ እጁን አውለበለበ፣ ከዚያ የራሱን ወንበር በዓይኑ ፈለገ። ሲፈልግ የቆየበትን ጊዜ ያየችው ዳርሊን ብቻ ናት። ዞር ብላ ወደ ላይ ተመለከተች፤ መልማዩም እየሳቀ ይጽፋል።

ተነሳችና ደረጃውን ወጣች። ጉልበቷ ያማት ነበር፣ የሰው እግርና የፈንዲሻ ከረጢት እየተሻገረች አጠገቡ ደርሳ ተቀመጠች።

«አሥራ ሰባት ቁጥሩን ነው የሚያዩት?» አለችው።

መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አያት። «ይቅርታ፣ ወይዘሮ፣ እርስዎ ማን ነዎት?»

«የሚያድርበት ቤት ባለቤት ነኝ። አርብ ዕለት ጭንቅላቱን ተመቷል። ያስመልሰዋል፣ ብርሃን አይችልም። አሁን ያደረገው ቀልድ አይደለም። ወንበሩ ጠፍቶበት ነው።»

መልማዩ ሜዳውን ለትንሽ ጊዜ አየ። «የኦረስት እህት አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ኦረስት ያውቃል?»

ዓይኗን ወደ ሜዳው መለሰች። ያ በቃው። ደብተሩን ዘጋ፣ ብዕሩን ኪሱ ከተተ፣ እንደ ጨዋ ሰው ባርኔጣውን ነካ አደረገ። «እግዜር ይስጥልኝ። ከትልቅ ስህተት አዳኑን» አላት። አዳኑን ያለው ክለቡን ነው። ዳርሊን ሰውየው ወርዶ ለዳኛው፣ ለሐኪም፣ ለአንድ ሰው ይናገራል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ መውጫው ሄደ። ገበያ ላይ እንስራ መርጦ፣ ስንጥቁን ሲያሳዩት አመስግኖ እንደሚሄድ ሰው ሄደ። ታች ሪድ እንደገና ሜዳ ገብቶ ይሮጣል።

ከእረፍቱ በኋላ ለሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ግን ሪድ አልተመለሰም። ወንበሩ ላይ የለም፤ ድምፅ ማጉያው አሥራ ሰባት ቁጥር በሕመም ምክንያት ወጥቷል አለ። ኦረስት የመልማዩን ባዶ ወንበር አይቷል፣ ስልክም ተደውሎለታል፤ የማይሸጥ ልጅ ማጫወቱ ምን ያደርግለታል? በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልሰማውን ሁሉ ሰማ። ወጌሻውን ጠርቶ ቅጽ አስሞላ፣ ልጁ በራሱ ፈቃድ ሕመሙን ደብቆ ነበር ተብሎ ተጻፈ። ሪድን ቢሮው አስጠርቶ ስሙ ከሦስቱ ውስጥ እንደሌለ፣ ከተራሮቹ ማዶም እንደማይፈልጉት ነገረው። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። አንድ ወጣት ጸሐፊ የሪድን ጫማዎችና ዱላዎች በትልቁ ቦርሳ ከትቶ በር ላይ አስቀመጠለት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አራት ሰዎች በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠው ነበር፤ ዳርሊን፣ ኦረስት፣ ሪድ፣ እና ከአራት ሰዓት መንገድ የገለባ አቧራ በቅንድቡ እንደያዘ የደረሰው የሪድ አባት ሜርል። ሜርል አጭር፣ ሰፊ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ዜናውን ደጅ ላይ ከልጁ ሰምቶ «እሺ» ብቻ ብሏል። ኦረስት መቅረት ይችል ነበር፤ የቤቱ ታላቅ ወንድ ስለሆነ መጣ። እጁን አጣምሮ ጸለየ፤ ስለ ሰጠኸን ስለዚህ ማዕድ፣ ስለ ጤናችን፣ ስለ ወጣቶቻችን አለ። ዳርሊን አሜን ማለት አቃታት። ተርኪው በደንብ በስሏል፣ በድንች የተሞላው የሊጥ ምግብ፣ ፔሮጊው፣ በቅቤና በሽንኩርት ታጥቧል፣ ማንም ሁለተኛ አልጨመረም። ቢላዋ ሳህን ሲነካ ይሰማል። ሜርል ስለ ዝናቡ አንድ ነገር ጀመረና ተወው።

«ማን ነው የነገራቸው?» አለ ሪድ ድንገት። ሹካውን አስቀምጧል። «እስከ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ይወዱኝ ነበር። ማን ነው የነገራቸው?»

ኦረስት ሥጋውን መቁረጥ አላቆመም። «መልማይ ዓይን አለው፣ ልጄ። ራሱ አይቶ ይሆናል» አለ። ከዚያ ሳህኑን አንስቶ ወደ ወጥ ቤት ሄደ፤ ዳርሊንም ተከተለችው። የቧንቧውን ውኃ ከፈተና በውኃው ድምፅ ሥር አወራት። «እኔ አልናገርብሽም። አንቺም ስለ ነሐሴው ፈተና ውጭ ለማንም ትንፍሽ አትይም። ረቡዕ አሥራ ስድስት ዓመቱን የያዘ ልጅ ይመጣልሻል፣ ጎበዝ ነው፣ እናቱ ጥሩ ቤት ፈልጉልኝ ብላ ስታለቅስ ነበር። ክፍሉን አጽጂለት።» ፎጣውን ከትከሻዋ ላይ ወስዶ እጁን አደረቀና መልሶ እዚያው ሰቀለው።

ሜርል ነገ ጠዋት ማሽኑን ማስነሳት ስላለበት ቶሎ ተነሱ። ዳርሊን ምግብ ቋጠረችላቸው። ቦርሳው መኪናው ላይ ተጭኗል፤ አራት ዓመት የተኖረበት ክፍል በሁለት ካርቶን ወጣ። ደጁ ላይ ሪድ ጎንበስ ብሎ አቀፋት፣ አገጩን አናቷ ላይ አሳረፈ።

«ማዘር፣ በዚህ ከተማ ቃልሽን የጠበቅሽልኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ሁሉም ሸጠኝ። አንቺ ግን አልሸጥሽኝም።»

ኦረስት በረንዳው ላይ ቆሞ ይሰማል። ዳርሊን ዓይኑ ጀርባዋ ላይ እንዳለ ታውቃለች። ዝም ማለት ቀላል ነበር፤ ዝም ብትል የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም አይናገርም።

«እኔ ነኝ የነገርኩት» አለች።

«ምኑን?»

«ጭንቅላትህን እንደተመታህ። መልማዩ ጎን ሄጄ ተቀምጬ የነገርኩት እኔ ነኝ።»

እጆቹ ከትከሻዋ ላይ ወረዱ። «አንቺ?» አለ። «ቃል ገብተሽልኝ?»

«ገብቼልህ ነበር።»

አልጮኸባትም። ከንፈሩ እንደዚያ እንደ መጀመሪያው ሳምንት ተንቀጠቀጠ፣ ዞሮ መኪናው ውስጥ ገባ፣ በሩን ዘጋ። ሜርል የቋጠረችለትን ምግብ ደረጃው ላይ አስቀመጠው። ለአራት ዓመት እርስዎ ሲላት የኖረ ሰው ነው።

«ምን አደረግሽ?» አላት። «ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ያልረገጠው በረዶ፣ ያልነዳሁት መንገድ የለም። እናቱ የሞተች ሳምንት እንኳ ልምምድ አላስቀረሁትም! አንቺ ማን ስለሆንሽ ነው?»

«ሐኪም ዘንድ ውሰደው፣ ሜርል። ነገ ሳይሆን አሁን።»

«ወጌሻው አይቶታል!» አለና ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። መኪናዋ ወደ ኋላ መሄድ ስትጀምር በሪድ በኩል ያለው መስታወት ወረደ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ድካምና አንድ የልጅ ፈገግታ ነበረበት።

«ማዘር! ደህና ሁኚ እሺ? ሁሉም ሸጠኝ፣ አንቺ ብቻ ነሽ ቃልሽን የጠበቅሽልኝ። አልረሳሽም።»

መኪናዋ ቆመች። ሜርል መሪውን እንደያዘ ልጁን አየው። «ሪድ» አለ፣ «ዳርሊን አሁን ምን አለችህ?»

«መቼ?»

«አሁን። እዚህ ደጅ ላይ።»

«ምንም አላለችኝም። መሰናበቴ ነው እኮ። ምነው?»

ሜርል እጁን ከመሪው አወረደ። ሞተሩ ይንደቀደቃል፣ ጢሱ በብርዱ ውስጥ ይነሳል። ከልጁ ትከሻ በላይ አሻግሮ ዳርሊንን ሲያያት፣ አቧራማው ፊቱ ባንድ ጊዜ ያረጀ መሰላት።

«ሆስፒታሉ በየት በኩል ነው፣ ወይዘሮ ዳርሊን?»

«በግራ። ከሁለተኛው መብራት አልፎ።» በእጇም አሳየችው።

መኪናዋ መንገዱ ላይ ወጥታ ወደ ግራ ስትታጠፍ፣ መስታወቱ ገና አልተዘጋም ነበርና ሪድ እየሳቀ ሲናገር ሰማችው። «ፋዘር፣ ምን ነካህ? ቤታችን እኮ በቀኝ ነው።»